ባለቤቱ ይለወጣል፣ ፈቃዱ ይቀራል

አሚት አግራዋል በቴክኖሎጂ ጽሑፎቹ የሚታወቅ ሕንዳዊ ጸሐፊ ነው። ለክሮም ብራውዘር አንዲት ትንሽ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የምትጨመር ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ሥራዋ ቀላል ነው፤ አንባቢው የወደደው ድረ ገጽ ላይ ሆኖ ቁልፏን ሲጫን ገጹ ፊድሊ በተባለው የዜና ማሰባሰቢያ አገልግሎት ይመዘገብለታል። አግራዋል እሷን ለመጻፍ የፈጀበት አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ይጠቀሙባት ነበር።

አንድ ቀን «ሽጥልኝ» የሚል ኢሜይል ደረሰው። የቀረበለት ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ገዢውን አያውቀውም። ለአንድ ሰዓት ሥራ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምን ሊያተርፍ እንደሆነ ግራ ቢገባውም ተስማማ። ገንዘቡ በፔይፓል ገባለት፤ እሱም የኤክስቴንሽኗን ባለቤትነት ገዢው ወዳለው የጎግል አካውንት አዛወረ። ከአንድ ወር በኋላ አዲሶቹ ባለቤቶች አፕዴት ለቀቁ። አፕዴቱ አዲስ ነገር አልጨመረም፣ ያረመው ስህተትም አልነበረም። ይዞ የመጣው ማስታወቂያ ነው፤ ያውም ዓይን የማያየውን ዓይነት። ተጠቃሚው በሚከፍታቸው ገጾች ላይ ያሉ ሊንኮች፣ ለአዲሶቹ ባለቤቶች ኮሚሽን በሚያስገቡ ሊንኮች በስውር ይተኩ ጀመር።

ነገሩ በጃንዋሪ 2014 አደባባይ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አግራዋል ራሱ መሸጡ መጥፎ ውሳኔ እንደነበር ጻፈ። ጎግልም ኤክስቴንሽኗን፣ ተመሳሳይ ዕጣ ከደረሳት «ትዊት ዚስ ፔጅ» ከተባለች ሌላ ኤክስቴንሽን ጋር ከክሮም የኤክስቴንሽን መደብር አወጣት።

ታሪኩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የሚሰማውን ተመሳሳይ ወሬ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም በዚህ ንግድ ውስጥ ዕቃው ምን እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኮዱን ማንም ጀማሪ ፕሮግራመር በአንድ ከሰዓት ይጽፈዋል። ገዢው ገንዘቡን ያፈሰሰው 30 ሺህ ሰዎች ለአግራዋል ብለው በሰጡት ፈቃድ ላይ ነው። የቤት ዘበኛ ቁልፉን እንደያዘ ሥራውን ለማይታወቅ ሰው ሸጦ ቢሄድ፣ የቤቱ ጌታ በማግሥቱ በር ላይ አዲስ ፊት አይቶ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ማለቱ አይቀርም። ብራውዘር ውስጥ ግን አዲሱ ዘበኛ የቀድሞውን ልብስ ለብሶ፣ በቀድሞው ስም እየተጠራ ይቆማል።

ፈቃዱ ምን ያህል ሰፊ ነው? ኤክስቴንሽን ስንጭን ክሮም አንዲት ትንሽ ሣጥን ያሳየናል። ብዙ ጊዜ የምትለው፣ ይህ ፕሮግራም በምንጎበኛቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለ መረጃችንን ማንበብና መለወጥ ይችላል ነው። አረፍተ ነገሯ ረጋ ብሎ ለሚያነባት አስደንጋጭ ናት። የኢሜይል ሳጥናችን፣ የባንክ ገጻችን፣ የምንጽፈው መልእክት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ይህን ፈቃድ የሚጠይቀው ተንኮለኛው ብቻ አይደለም። በየትኛውም ገጽ ላይ አማርኛ እንድንጽፍ የሚያግዘን ኤክስቴንሽን የምንጽፍበትን ቦታ ሳያይ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ማስታወቂያ የሚያግደውም፣ ፊደል የሚያርመውም እንዲሁ። ደጉም ክፉውም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚያቀርብ ማስጠንቀቂያው ማስጠንቀቂያነቱን አጥቷል። ሰውም ሳያነብ «እሺ» ብሎ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ የዜና ገጽ ስንከፍት የገጹ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ሊንክ ከሰርቨሩ ተመስጥሮ ይመጣል። ምስጢሩ መንገድ ላይ ያለ ሌባ እንዳያነበው ነው፤ ብራውዘሩ ዘንድ ሲደርስ ይፈታል። ኤክስቴንሽኑ የሚጠብቀው እዚህ ነው። ገጹ ሊታይ ሲል የራሱን ኮድ እዚያው ውስጥ ያስገባና እንዳሻው ያስተካክለዋል። በሁለት አንቀጾች መካከል የሌለ ማስታወቂያ ይሰካል፤ የገጹ ባለቤት ያስቀመጠውን ማስታወቂያ ነቅሎ በራሱ ይተካል፤ ወይም በፍለጋ ውጤቶች ራስ ላይ የከፈሉትን ይደረድራል። ሰርቨሩ ላይ የተነካ ነገር የለም። ያው ገጽ በጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ንጹሕ ነው።

በዚህ የተነሳ አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል። አንባቢው የልብስ ቅናሽና የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ሲያጣብበው የሚረግመው የጋዜጣውን ድረ ገጽ ነው፤ «እነዚህ ደግሞ ገንዘብ ወደዱ» ይላል። ባለ ድረ ገጹ ግን ከዚያ ማስታወቂያ አንዲት ሳንቲም አላገኘም፣ መኖሩንም አያውቅም።

የሊንኩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ዩቲዩበር ስለ አንድ ካሜራ ተናግሮ ከቪዲዮው ሥር የአማዞን ሊንክ ያስቀምጣል እንበል። በሊንኩ ጭራ ላይ የእሱ መለያ አለ። ተመልካቹ በዚያ በኩል ገብቶ ከገዛ አማዞን ለዩቲዩበሩ ኮሚሽን ያስብለታል። ገዢው ሊንኩን ከተጫነ በኋላ መለያው በኩኪ መልክ ብራውዘሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአማዞን ደንብ ሰውዬው ዕቃውን ቅርጫቱ ውስጥ ለመጨመር 24 ሰዓት አለው። ኤክስቴንሽኑ የሚያደርገው ያቺን ጭራ ቆርጦ የራሱን መቀጠል ነው። ካሜራው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው፣ የሚደርስበትም ቀን ያው። ገዢው ምንም ስላልጎደለበት አይጮህም። ሻጩም የሚከፍለው ኮሚሽን ስላልጨመረበት ቶሎ አይነቃም። የደከመው ሰው ብቻ፣ ሊንኩን ብዙ ሰው እየተጫነው ገቢው ለምን እንደማይጨምር ግራ እየገባው ይቀመጣል። ዓይን ላይ ከሚደነቀረው ማስታወቂያ ይልቅ ይህ የሚስፋፋው ለዚህ ይመስለኛል፤ የተበደለው ሰውና ኤክስቴንሽኑን የጫነው ሰው አንድ አይደሉም።

ይህ ገበያ ምን ያህል ሰፍቶ እንደነበር በሜይ 2015 የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል። ጎግል ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በራሱ ገጾች ላይ መመርመሪያ ኮድ አስቀመጠ፤ ገጹ የደረሰው እንደተላከ ነው ወይስ ተነካክቶ የሚለውን ለማወቅ። ገጾቹን ከጎበኙት የኢንተርኔት አድራሻዎች 5.5 በመቶው ላይ በስውር የተሰካ ማስታወቂያ ተገኘ፤ በሰው ሲቆጠር ሚሊዮኖች ማለት ነው። ሥራውን የሚሠሩት ከ50 ሺህ በላይ ኤክስቴንሽኖችና ከ34 ሺህ በላይ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ነበሩ። ከእነዚህ ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት በማስታወቂያ ሳይወሰኑ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ፣ ፍለጋን የሚጠልፉና የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ ለሌላ የሚያቀብሉ ሆነው ተገኙ።

እኔን ከቁጥሮቹ ይበልጥ ያስገረመኝ የደላላው ሰንሰለት ነው። ኤክስቴንሽኑን የሚሠራው አንድ ነው፤ በየኮምፒውተሩ እንዲጫን የሚያሠራጨው፣ ኮሚሽን የሚከፈለው ሌላ፤ ማስታወቂያውን የሚያቀርበው ሌላ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የማስታወቂያ አሻሻጮች አሉ። ከተሰኩት ማስታወቂያዎች 77 በመቶው በሦስት አሻሻጮች በኩል ያለፈ ነበር። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ገንዘቡን የሚከፍሉት እንደ ዎልማርትና ኢቤይ ያሉ ታላላቅ ስሞች ናቸው። ማስታወቂያቸው በእንዲህ ያለ በር ገብቶ የሰው ገጽ ላይ እንደተለጠፈ አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። እያንዳንዱ ደላላ የሚያውቀው ከፊቱና ከኋላው ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ተጠያቂ ሲፈለግ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎን ይቀስራል።

በዚያ ጥናት ውስጥ ገኖ የወጣው ስም ሱፐርፊሽ ነው። ያው ኩባንያ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የሌኖቮን ስም ጎድቷል። ሌኖቮ አንዳንድ ላፕቶፖቹን የሱፐርፊሽን ፕሮግራም ጭኖባቸው ሲሸጥ ነበር። ፕሮግራሙ ማስታወቂያውን ለመሰካት ሲል የተመሰጠሩ ገጾችን ሳይቀር መሐል ገብቶ ይፈታ ነበር፤ ይህን የሚያደርግበት የምስጢር ቁልፍ ደግሞ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ነው። ሮበርት ግርሃም የተባለ የደኅንነት ባለሙያ ቁልፉ የተቆለፈበትን የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ሰበረው፤ ቃሉ የሶፍትዌሩ ክፍል የተገዛበት ኩባንያ ስም ሆኖ ተገኘ። በ2017 ሌኖቮ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 ግዛቶች ጋር ተስማምቶ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ማስታወቂያ «ብቻ» ነው እየተባለ የሚናቀው ነገር የት ድረስ እንደሚወስድ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

መደብሩ እነዚህን ለምን አያጣራቸውም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ያጣራል። ነገር ግን አጣሪው የሚያየው ፈተና ላይ ያለውን ጠባይ ነው። በ2019 አድጋርድ የተባለው ማስታወቂያ አጋጅ ኩባንያ ያጋለጣቸው ሁለት ኤክስቴንሽኖች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ስማቸውን ከታወቁት አድብሎክና ዩብሎክ ወስደው፣ ማስታወቂያ እናግዳለን ብለው ገቡ። ደግሞም ያግዱ ነበር፤ ኮዱን ለማንም ክፍት ከሆነው ከእውነተኛው ፕሮግራም ቀድተውታል። ከተጫኑ በኋላ 55 ሰዓት ያህል ጨዋ ሆነው ይቆያሉ። ከዚያ ተጠቃሚው የሚጎበኛቸው ድረ ገጾች ላይ ኮሚሽን የሚያስገቡ ኩኪዎችን መጣል ይጀምራሉ። ባለሙያ ሊመረምር የፕሮግራመሮች መስኮቱን ከከፈተ ወዲያው ሥራቸውን ያቆማሉ። ሁለቱ በጋራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበራቸው። በ2022 ማካፊ ካጋለጣቸው አምስት ኤክስቴንሽኖች መካከል ደግሞ 15 ቀን ሙሉ አድፍጦ የሚጠብቅ ነበር። በ2023 ቭላዲሚር ፓላንት የተባለ ተመራማሪ ፒዲኤፍ ቱልቦክስ ከተባለ፣ 2 ሚሊዮን ተጠቃሚ ካለው ኤክስቴንሽን ተነሥቶ ተመሳሳይ የተደበቀ ኮድ ያላቸውን 34 ኤክስቴንሽኖች አገኘ። በመደብሩ ቆጠራ መሠረት ተጠቃሚዎቻቸው ሲደመሩ 87 ሚሊዮን ነበሩ። አብዛኞቹ ጥሩ ኮከብና ጥሩ አስተያየት የተሰጣቸው ናቸው፤ የሰው አስተያየትም ቢሆን የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ሥራ ነውና።

ባለቤቱ ያልሸጠውም ሊሰረቅ ይችላል። በጁላይ 2017 ከምስል ላይ ጽሑፍ የምታነብ ኮፒፊሽ የተባለች ኤክስቴንሽን አዘጋጆች፣ ከክሮም መደብር የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው፤ ኤክስቴንሽናችሁን ካላስተካከላችሁ ትወገዳለች የሚል። ከመካከላቸው አንዱ ሊንኩን ተጭኖ የይለፍ ቃሉን አስገባ። ሌቦቹ ኤክስቴንሽኗን ወደራሳቸው አካውንት አዛውረው ማስታወቂያ የሚሰካ አፕዴት ለቀቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያለው ዌብ ዴቨሎፐርም በተመሳሳይ ዘዴ ተጠለፈ፤ ባለቤቱ በሰዓታት ውስጥ አስመልሶ ንጹሑን ለቀቀ። ዌብ ዴቨሎፐር ስሙ እንደሚለው የድረ ገጽ ሠሪዎች መሣሪያ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች እንኳ አልዳኑም፤ አፕዴት ሲመጣ የሚጠይቃቸው የለማ።

የችግሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ክሮም በየጥቂት ሰዓቱ አፕዴት መኖሩን ያጣራል፣ ካለም ዝም ብሎ ይጭናል። አዲሱ አፕዴት ከቀድሞው ሰፋ ያለ ፈቃድ ከጠየቀ ኤክስቴንሽኑን አቁሞ ተጠቃሚውን ይጠይቃል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ሁሉንም ገጽ የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ላለው ኤክስቴንሽን ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ባለቤቱ ተለውጦ፣ ሥራው ተገልብጦ፣ ከሰው ዘንድ አንዲት ጥያቄ አትደርስም። በ2020 የተሸጠው ናኖ አድብሎከር ማስታወቂያ አጋጅ ነበር፤ አብሮት ከተሸጠው ተጓዳኝ ኤክስቴንሽን ጋር 300 ሺህ ያህል ተጠቃሚ የነበረው። አዲሶቹ ባለቤቶች ከያዙት ብዙም ሳይቆይ የተጠቃሚዎቹ ኢንስታግራም ባለቤቱ ያላያቸውን ፎቶዎች በራሱ «ላይክ» ማድረግ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የተሸጠውን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጠቀምበትን ግሬት ሰስፔንደርን ደግሞ ጎግል በፌብሩዋሪ 2021 ጎጂ ፕሮግራም ነው ብሎ አገደው።

ጎግል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን አንድ ግልጽ ዓላማ ብቻ ይኑረው የሚለው ደንብ በ2013 መጨረሻ የታወጀ ነው። በ2018 ደግሞ ተጠቃሚው አንድ ኤክስቴንሽን በሁሉም ገጽ ላይ፣ በተመረጠ ገጽ ላይ ወይም ሲጫነው ብቻ እንዲሠራ የመወሰን ዕድል አገኘ። ማኒፌስት ቪ3 የተባለው አዲሱ ሥርዓት ኤክስቴንሽን ከውጭ ኮድ እያመጣ እንዳያስኬድ ይከለክላል። ይህ የአንዳንዶቹን እጅ ያስራል፤ ግን የሊንክ ጭራ ለመቀየር አዲስ ኮድ አያስፈልግም፣ የሱቆች ዝርዝርና አንድ መለያ ይበቃል። ያንን ከውጭ ማምጣት አልተከለከለም። ባለቤት ሲለወጥ ለተጠቃሚው በግልጽ የሚነግር ሥርዓት ግን አልተበጀም። በ2024 አንድ ፕሮግራመር ይህን ክፍተት አይቶ የጫናችኋቸው ኤክስቴንሽኖች ባለቤት ሲቀይሩ የሚያሳውቅ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤክስቴንሽን!

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። ሃኒ የተባለውን የቅናሽ ኩፖን ፈላጊ ኤክስቴንሽን ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። ኒውዚላንዳዊው ዩቲዩበር ሜጋላግ ሃኒ ኩፖን ባያገኝ እንኳ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሌሎችን ኮሚሽን ለራሱ ያደርጋል ብሎ በቪዲዮ ወነጀለው። ፔይፓል የተከተልኩት የገበያውን የተለመደ ደንብ ነው አለ፤ ብዙ የይዘት ፈጣሪዎች ግን ፍርድ ቤት ሄዱ። በማርች 2025 ጎግል ደንቡን አጥብቆ፣ ለተጠቃሚው ቀጥተኛ ጥቅም ሳይሰጡ የኮሚሽን ሊንክ መጨመርን ከለከለ። የክሱ ፍጻሜ ምንም ይሁን ምን፣ ከአግራዋል ገዢዎች አንሥቶ እስከ ትልቅ ኩባንያ ድረስ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ሆኗል፦ በእኛ ብራውዘር ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ሊንክ የመንካት መብት ማን ሰጠው?

በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በስልክ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም ደግሞ ኤክስቴንሽን አይቀበልም፤ ስለዚህ ስልክ ላይ የሚወረወረው ማስታወቂያ ምንጩ ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአፕ ነው። ይህ ወሬ በቀጥታ የሚመለከተው በቢሮ፣ በትምህርት ቤትና በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር የሚሠራውን፣ በውጭ አገር ደግሞ በላፕቶፑ የሚገበያየውን ነው። የጋራ ኮምፒውተር የባሰ ነው፤ አንዱ የጫነውን ኤክስቴንሽን ያላየው ሌላው በዚያው ብራውዘር ኢሜይሉን ይከፍታል። በጊጋባይት ለሚከፍል ሰው ደግሞ የተሰካው ማስታወቂያ ሁሉ የሚወርደው ከራሱ ፓኬጅ ላይ ነው።

የሚያጠራጥር ማስታወቂያ ካዩ ገጹን በክሮም ስውር መስኮት፣ ማለትም በኢንኮግኒቶ ይክፈቱት። እርስዎ ካልፈቀዱላቸው በቀር ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም። ማስታወቂያው እዚያ ከሌለ ጥፋቱ የድረ ገጹ ላይሆን ይችላል። የኤክስቴንሽኖቹን ዝርዝር ይክፈቱና አንድ በአንድ እያጠፉ ገጹን ያድሱ፤ የትኛው ሲጠፋ ማስታወቂያው አብሮ እንደሚጠፋ ያያሉ። ላገኙት ጥፋተኛ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ያስወግዱት። ለቀሩት የጣቢያ ፈቃዳቸውን ያጥብቡ። የአማርኛ መጻፊያው በሚጽፉባቸው ሁለት ሦስት ገጾች ላይ ቢሠራ ይበቃዋል፤ የባንክ ገጽዎ ላይ ምን ሥራ አለው? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጠቀሙበት የማያስታውሱትን ደግሞ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ባለቤቱ አሁን ማን እንደሆነ እርስዎም አያውቁም።